የሸምባት መዝገብ፤ የከብት ርባታና የመኖ ምርምር ታሪክ በካርቱም

ዓባይ ከጣና ተነሥቶ የጎጃምን ቆላ ከዞረ በኋላ ወደ ምዕራብ ወርዶ ከነጭ ዓባይ ጋራ በሚገናኝበት ሥፍራ የካርቱም ከተማ ትገኛለች። ከሁለቱ ወንዞች መገናኛ በስተሰሜን፣ ሰሜን ካርቱም በሚባለው ክፍል፣ ሸምባት የተባለ ሰፈር አለ። ስለ ካርቱም የተጻፉ የታሪክ መጻሕፍት ብዙውን ጊዜ የሚያወሱት የጦርነትን፣ የገዢዎችን መለዋወጥና የንግድን ነገር ነው። የሸምባት ታሪክ ግን ከዚህ የተለየ ነው። በዚያ ለብዙ ዓመታት ሲጠየቅ የኖረው ጥያቄ «ላሟ ስለ ምን ሳትፀንስ ትከርማለች? ወተቷስ ስለ ምን ያንሳል? ጥጃዋስ ስለ ምን ሳያድግ ይሞታል?» የሚል ነበር። ጥያቄው ተራ ነገር ይመስላል፤ ነገር ግን መልሱን ለማግኘት የአንድ ትውልድ ዕድሜ አልበቃም። ከዚህ ቀጥሎ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ነገሩ ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ሩቅ አይደለም። ከኢትዮጵያ ተራሮች የሚወርዱት ሁለት ወንዞች፣ ዓባይና ተከዜን የሚቀበለው አትባራ፣ ቡጣና የሚባለውን ሰፊ ሜዳ በመካከላቸው ይዘዋል። በዚህ ሜዳ የሚረባው ቀይ ከብት በአገሩ ስም ቡጣና ተብሎ ይጠራል። ከዚያ በስተደቡብ በጥቁርና በነጭ ዓባይ መካከል የሚረባው ግራጫ ከብት ደግሞ ኬናና ይባላል። ሁለቱም ሻኛ ያላቸው፣ ሙቀትንና ጥምን የሚችሉ፣ ከብዙዎቹ የአፍሪካ ከብቶች ይልቅ ለወተት የተመቹ ዘሮች ናቸው። በሰሜን ምዕራብ ኢትዮጵያ ቆላ የታወቀው የበጋይት ከብትም በጠባዩ ከነዚህ ጋራ ይቀራረባል። ከብቱም እረኛውም ሣርና ውሃ ተከትለው ሲሄዱ፣ በካርታ ላይ የተሠመረውን ድንበር ሁልጊዜ አይጠብቁም።

የሁለቱ አገሮች ከብት በመልካምም በክፉም ዕድል ተካፋይ ሆኖ ኖሯል። ከ1888 እስከ 1892 ድረስ በኢትዮጵያ «ክፉ ቀን» የተባለው ዘመን በመጣ ጊዜ፣ የጥፋቱ መነሻ ደስታ የተባለው የከብት በሽታ ነበር። በሽታው በምጽዋ በኩል ገብቶ የአገሩን ከብት አብዛኛውን እጅ ፈጀ፤ በሬ ያጣው ገበሬ መሬቱን ማረስ ስለ ተሳነው ረኃብ ተከተለ። በዚያው ዘመን በመሐዲስቶች አገዛዝ ሥር የነበረው ሱዳንም እስከ ዛሬ «የስድስት ዓመት» እየተባለ የሚታወሰውን ታላቅ ረኃብ አየ፤ ይህም ስም የተሰጠው በእስልምና አቆጣጠር 1306 ዓመተ ሂጅራ ላይ ስለ ደረሰ ነው። የከብት ዕውቀት ለቅንጦት የሚፈለግ ትምህርት እንዳልሆነ ከዚህ የበለጠ ማስረጃ አያሻም።

በ1898 የእንግሊዝና የግብፅ ጦር ኦምዱርማን ላይ ድል ካደረገ በኋላ፣ ለጎርደን መታሰቢያ የሚሆን ኮሌጅ በካርቱም እንዲሠራ ሎርድ ኪችነር ገንዘብ አሰባሰበ፤ ኮሌጁም በ1902 ተከፈተ። በመድኃኒት ንግድ የከበረው ሄንሪ ዌልካም በኮሌጁ ውስጥ ለሐሩር አገር በሽታዎች ምርምር የሚሆን ላቦራቶሪ አቋቋመ። የመጀመሪያው ዲሬክተር ዶክተር አንድሩ ባልፉር ሲሆን፣ ከ1904 እስከ 1911 ድረስ አራት ታላላቅ የምርምር መጻሕፍት በእርሱ መሪነት ታትመው ወጡ። ሊቃውንቱ በዓባይ ላይ የሚንሳፈፍ ላቦራቶሪ ሳይቀር ነበራቸው፤ በእርሱም ወደ ደቡብ እየወጡ የሰውንና የእንስሳትን በሽታ መረመሩ። የኬሚስትሪው ክፍል በበኩሉ አፈርን፣ ውሃን፣ እህልንና ሙጫን ይመረምር ነበር።

ይሁን እንጂ በዚያ ዘመን ስለ እንስሳት የሚጠየቀው ጥያቄ በአብዛኛው አንድ ብቻ ነበር፤ «ምን ይገድለዋል?» የሚል። መንግሥት የሚፈልገው ለጭነትና ለወታደር የሚሆን ጤናማ አጋሰስ፣ ግመልና ፈረስ፣ እንዲሁም ወደ ግብፅ የሚነዳ ሰንጋ ነበር። ስለዚህ ደስታ፣ ሳምባና ገንዲ በብርቱ ተጠኑ። የዚህን ሥራ ዋጋ ማሳነስ አይገባም፤ የሞተች ላም አትወልድም፣ አትታለብምም። ዳሩ ግን ከበሽታ የዳነች ላም ምን በልታ፣ መቼ ፀንሳ፣ ስንት ዓመት ቆይታ እንደምትወልድ ብዙም የጠየቀ አልነበረም። የዌልካም ላቦራቶሪዎች በ1935 ሲዘጉ፣ ይህ ሁለተኛው ጥያቄ ገና በደጅ ቆሞ ነበር።

ጥያቄው ወደ ውስጥ የገባው በተማሪዎች አማካይነት ነው። በ1938 የእርሻ ትምህርት ቤት በሸምባት፣ የእንስሳት ሕክምና ትምህርት ቤትም በካርቱም ተከፈቱ። እነዚህ ትምህርት ቤቶች ከሌሎቹ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች ጋራ ቀስ በቀስ ተዋሕደው በ1951 የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ኮሌጅ፣ ሱዳን ነጻነቷን ባገኘችበት በ1956 ደግሞ የካርቱም ዩኒቨርሲቲ ሆኑ። በ1960 የእንስሳት ሕክምናና ርባታ ሳይንስ መጽሔት በካርቱም መታተም ጀመረ። በ1970ዎቹም ለእንስሳት ርባታ የተለየ ተቋም በሸምባት ተቋቁሞ በኋላ ፋኩልቲ ለመሆን በቅቷል። ተማሪዎቹ ብዙዎቹ የአርቢ ልጆች ወይም የአርቢ ጎረቤቶች ስለ ነበሩ፣ የሚጠይቁት ነገር ከቤታቸው ይዘውት የመጡት ነበር። የአርቢ ልጅ ከብት በበሽታ ብቻ እንደማይጠፋ ያውቃል፤ በበጋ ሣር ሲደርቅ ጊደሯ ሳታድግ፣ ላሟም ሳትፀንስ ስትቀር አይቷል።

በዚያን ጊዜ ስለ አገሬው ላም የሚሰጠው ፍርድ ጽኑ ነበር። የካርቱም ከተማ እየሰፋች ስትሄድ የወተት ፈላጊው በዛ፤ ቤልግራቪያ በሚባለው የወተት ከብት ርባታና በሌሎችም ሥፍራዎች የውጭ አገር ኮርማ ከአገር ላም ጋራ ይዳቀል ጀመር። የአገሩ ላም ዘሯ ደካማ ነው፤ ስለዚህ ደሟ መለወጥ አለበት የሚለው አሳብ ለብዙዎች ግልጥ መስሎ ታያቸው። ይህንን ፍርድ ለመመርመር የሚያስችለው ግን ክርክር ሳይሆን መዝገብ ነበር። በአትባራ የቡጣና ከብት፣ በሲንጋ አጠገብ በኡም በኒን የኬናና ከብት፣ በዳርፉር በገዛላ ጋወዛት ደግሞ የምዕራቡ የበጋራ ከብት በመንግሥት ጣቢያዎች ተይዘው ይጠኑ ጀመር። እያንዳንዷ ላም ቁጥር ተሰጣት፤ የተወለደችበት ቀን፣ የእናትና የአባቷ ቁጥር፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን የጣለችበት ዕድሜ፣ በየዕለቱ የታለበው ወተት፣ የነጠፈችበትም ቀን ተጻፈ።

ይህ ሥራ ክብር የሌለው ይመስላል። በየጧቱና በየማታው ወተት መመዘን፣ ቁጥር መጻፍ፣ በማግሥቱም ያንኑ መድገም የሚያሰለች ተግባር ነው። ነገር ግን ዓመታት ሲከማቹ መዝገቡ መናገር ጀመረ። በሜዳ የምትውል ላም፣ የመጀመሪያ ጥጃዋን ለመውለድ አራትና አምስት ዓመት ትፈጅ የነበረችው፣ ከአንዱ ጥጃ ወደ ሌላውም ለመድረስ እስከ ሁለት ዓመት ትቆይ የነበረችው፣ በቂ መኖና ውሃ ባገኘች ጊዜ ያ ዘመን አጠረላት። በጣቢያ የተያዙት ቡጣናና ኬናና ላሞች በአንድ የአለባ ዘመን ከ1,000 ኪሎግራም በላይ ወተት መስጠታቸው የተለመደ ሆነ። ስለዚህ ጉድለቱ ሁሉ በደሟ ውስጥ አልነበረም፤ ታላቁ ክፍል በግርግሟ ውስጥ ነበር። ደግሞም በአንድ ጋጥ፣ አንድ ዓይነት መኖ ከሚበሉት ላሞች መካከል አንዷ የሌላዋን እጥፍ ስትታለብ ተገኘች። ይህም በዚያው በአገሩ ዘር ውስጥ ሊመረጥ የሚገባው ሀብት እንዳለ አስረዳ።

የመኖው ምርምር ይህን ምስጢር ከሥሩ አብራራው። የሚያመሰኳ እንስሳ ሣርን የሚፈጨው ብቻውን አይደለም፤ በትልቁ ጨጓራው ውስጥ በዓይን የማይታዩ እልፍ ጥቃቅን ነፍሳት አብረውት ይሠራሉ። እነዚህ ነፍሳት ገለባንና አገዳን ወደ ምግብ ለመለወጥ ናይትሮጅን ያስፈልጋቸዋል። በዝናብ ጊዜ የለመለመው ሣር ይህን ይሰጣል። በበጋ ሲደርቅ ግን በውስጡ ያለው ፕሮቲን ከመቶ 7 እጅ ገደማ በታች ይወርዳል፤ ያን ጊዜ ነፍሳቱ ይዳከማሉ፤ የበላችውም ሳይፈጭ ስለሚቆይ ላሟ በድርቆሽ ተከባ እየቆመች ትራባለች። ሆዷ የሞላ ይመስላል፤ አካሏ ግን ይከሳል። እንዲህ ያለች ላም ከወለደች በኋላ ለብዙ ወራት ኮርማ አትፈልግም። እረኛው «መሲና ሆነች» ብሎ ወደ ገበያ ሊነዳት ያስባል፤ ሕመሟ ግን የማህፀን ሳይሆን የረኃብ ነው።

መድኃኒቱም ከሩቅ የሚመጣ አልነበረም። የሰናር ግድብ በ1925 ተሠርቶ የገዚራ የጥጥ እርሻ ከተስፋፋ ወዲህ የጥጥ ፍሬ ፋጉሎ በአገሩ ተገኘ፤ የለውዝና የሰሊጥ ፋጉሎም እንዲሁ። ከ1960ዎቹ ጀምሮ የተከፈቱት የስኳር ፋብሪካዎች ሞላሰስ ሰጡ። በካርቱም ዙሪያ የሚዘራ አንድ የማሽላ ዓይነት ደግሞ ገበሬው «አቡ ሰብዒን» ማለት የሰባ አባት ይለዋል፤ በሰባ ቀን ገደማ ለመኖ ስለሚታጨድ ነው። ተመራማሪዎች እነዚህን መኖዎች መዘኑ፣ ቀላቀሉ፣ በላምና በበግ ላይ ፈተኑ። እዚህም ላይ ጥንቃቄ እንደሚያሻ ተማሩ፤ በጥጥ ፍሬ ውስጥ ጎሲፖል የሚባል መርዛም ነገር ስላለ፣ ያለ መጠን ቢሰጥ ትንንሽ ጥጆችን ይጎዳል፣ የኮርማውንም ዘር ያደክማል። በብርዳም አገር ለምትኖር ላም የተሰላውን የመኖ ሠንጠረዥ ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት በካርቱም እንዳለ መጠቀም፣ አባቶች እንደሚሉት፣ ላም ባልዋለበት ኩበት ለቀማ ይሆናል። የካርቱም ምርምር ትልቁ ፍሬ የራሱን ሠንጠረዥ በራሱ ፀሐይ ሥር ለመሥራት መድፈሩ ነው።

ስለ መዋለድ የተደረገው ጥናትም ተመሳሳይ መንገድ ተከተለ። ሰው ሠራሽ የማዳቀል ዘዴ በሩስያ በኢቫኖቭ ምርምር በ20ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ ላይ ተስፋፋ። በ1949 ፖልጅ፣ ስሚዝና ፓርክስ የተባሉት የእንግሊዝ ሊቃውንት የወንድ ዘር በግሊሰሮል ተጠብቆ በብርድ ሊቆይ እንደሚችል ካገኙ በኋላ፣ የአንድ ኮርማ ዘር ባሕር ተሻግሮ በሌላ አገር ሺህ ላሞችን ሊያስፀንስ ቻለ። ይህም ጥበብ ወደ ካርቱም ደረሰ፤ በ1960ዎቹ የወተት አርቢዎች በሰፈሩበት በሂለት ኩኩም ለአርቢው አገልግሎት ዋለ። ነገር ግን ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ በሆነ ፈሳሽ ናይትሮጅን ውስጥ ዘርን ማቆየት ከሥራው ሁሉ ቀላሉ ነበር ማለት ይቻላል። ከባዱ ላሟ ኮርማ የምትፈልግበትን ሰዓት ማወቅ ነው።

ላም በየ21 ቀኑ ገደማ ኮርማ ትፈልጋለች። በሻኛማዋ ላም ዘንድ ይህ ጊዜ አጭር ነው፤ ምልክቱም ደካማ ነው፤ ብዙ ጊዜም ሰው በተኛበት ሌሊት ይመጣና ያልፋል። ኮርማ ምልክቱን በሽታው ያውቃል፤ መርፌ የያዘ ባለሙያ ግን በአርቢው ቃል ላይ መታመን አለበት። የተለመደው ደንብ ጧት የታየችውን ማታ፣ ማታ የታየችውን በማግሥቱ ጧት ማስፀነስ ነው። እንግዲህ ጧት ማንም ካላያት ጥበቡ ሁሉ ከንቱ ይሆናል። ከ1970ዎቹ ወዲህ በወተት ውስጥ ያለውን ፕሮጄስተሮን የተባለ ሆርሞን በመለካት ላሟ በመዋለድ ሥርዓቷ ላይ መሆኗን ማወቅ ተችሏል። ይህም ቢሆን የንቁ እረኛን ዓይን አልተካም። የላሞቹን የእናት ሐረግ በቃሉ የሚቆጥር፣ ኮርማን በእናቱ ወተት የሚመርጥ እረኛ፣ ሳይጽፍ መዝገብ የያዘ ሰው ነውና።

ሱዳን በዓለም ላይ እጅግ ብዙ ግመል ካላቸው አገሮች አንዷ በመሆኗ፣ ግመልም የካርቱም ሊቃውንትን ትኩረት ስቧል። የግመል ጠባይ ከላም ይለያል። እንስቷ እንቁላሏን የምትለቀው በተወሰነ ቀን ሳይሆን ከወንዱ ጋራ ከተገናኘች በኋላ ነው፤ እርግዝናዋም አሥራ ሦስት ወር ያህል ይቆያል። ለላም የተገኘው የማዳቀል ዘዴ ለግመል እንዳለ አልሠራም። እዚህም ላይ የተገኘው ትምህርት ያው ነው፤ እያንዳንዱ እንስሳ በራሱ ሕግ መጠናት አለበት።

የኢትዮጵያም ታሪክ ከዚህ ጋራ ጎን ለጎን ይሄዳል። በ1960ዎቹ የፎገራን ከብት የሚያጠናው የአንዳሳ ጣቢያ በባሕር ዳር አጠገብ ተቋቋመ። በ1967 በአሰላ የተጀመረው የጭላሎ የእርሻ ልማት ድርጅት ድቅል ጊደሮችን ለገበሬዎች አከፋፈለ፤ በ1974 ለመላው አፍሪካ የሚያገለግል የእንስሳት ምርምር ማዕከል በአዲስ አበባ ተመሠረተ፤ በኋላም ቃሊቲ ላይ የሰው ሠራሽ ማዳቀያ ማዕከል ተከፈተ። በሁለቱም አገሮች ድቅል ላም ለከተማ አርቢ ብዙ ወተት ሰጥታለች፤ ይህ የማይካድ ጥቅም ነው። በሁለቱም አገሮች ደግሞ ያለ መዝገብ የሚደረግ ማዳቀል የአገሩን ንጹሕ ዘር እያሳሳው ሄዷል። ድቅሏ በመኖና በሐኪም ላይ የምትኖር ስለሆነች መኖው ሲወደድ ወይም ሐኪሙ ሲጠፋ ቀድማ የምትወድቀው እርሷ ናት። ያን ጊዜ ቡጣናን፣ ኬናናን፣ ፎገራን ወይም በጋይትን ፍለጋ ቢወጣ፣ ዘሩ ካልተጠበቀ፣ ላም አለኝ በሰማይ እንደ ማለት ይሆናል።

ከ1888ቱ ጥፋት በኋላ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ በ2011 ደስታ የተባለው በሽታ ከምድር ገጽ መጥፋቱ በይፋ ታወጀ። ሰው ሆን ብሎ ካጠፋቸው በሽታዎች ይህ ከፈንጣጣ ቀጥሎ ሁለተኛው ነው። የሱዳንና የኢትዮጵያ የእንስሳት ሐኪሞችና አርቢዎች በየሜዳው ሲከትቡና ሲያስከትቡ የደከሙት ድካም በዚህ ድል ውስጥ አለ። በዚያ ዓመት «ምን ይገድለዋል?» ከተባሉት ጥያቄዎች ታላቁ ተመለሰ። «ምን ያኖረዋል? ምንስ ያበዛዋል?» የሚለው ግን መዝገቡን ይዞ መቀጠል ነበረበት።

ነገር ግን ኤፕሪል 15 ቀን 2023 በካርቱም ጦርነት ተነሣ። ጥይቱ የተተኮሰው በከተማይቱ መካከል ስለ ሆነ፣ ዩኒቨርሲቲዎች፣ ቤተ መጻሕፍትና ላቦራቶሪዎች የጦር ሜዳ ሆኑ። ሰሜን ካርቱም ለብዙ ወራት የውጊያ ሥፍራ ነበር። መምህራንና ተማሪዎች ተበተኑ፤ ብዙዎችም በመተማ በኩል ወደ ኢትዮጵያ ተሻገሩ። የሱዳን ጦር በማርች 2025 ከተማይቱን መልሶ ሲይዝ የተገኙት ብዙ ሕንጻዎች የተቃጠሉና የተዘረፉ ነበሩ። ሕንጻ እንደገና ይሠራል፤ መሣሪያም ይገዛል። ለምርምር የተያዘ መንጋ ሲበተንና የትውልዶች መዝገብ ሲቃጠል ግን የጠፋው ዕቃ ሳይሆን ጊዜ ነው፤ የአንዲትን ላም የአሥር ዓመት ታሪክ ለማግኘት አሥር ዓመት ከመጠበቅ በቀር ሌላ መንገድ የለም።

ከዚህ ታሪክ መምህራን የሚወስዱት ነገር ሁለት ነው። የመጀመሪያው፣ መዝገብ በአንድ ሥፍራ ብቻ ሊቀመጥ አይገባውም። በሸምባት ተጽፎ በመጽሔት የታተመው ጥናት ቅጂው በሌሎች አገሮች ቤተ መጻሕፍት ስላለ ዛሬም ይነበባል፤ ሳይታተም በመሳቢያ የቀረው ግን ከመሳቢያው ጋራ የሚሄድ ነው። ሁለተኛው፣ ከመጻሕፍት ሁሉ የሚጸናው ቅጂ ተማሪ መሆኑ ነው። በ1938 ከጥቂት ተማሪዎች ጋራ የተጀመረው ትምህርት በብዙ መቶዎች ሐኪሞችና የርባታ ባለሙያዎች ራስ ውስጥ ተሸክሞ ዛሬ በየአገሩ ተሰዶ ይገኛል። መመዘንን፣ መጻፍንና ሳይጣደፉ መፍረድን የተማረ ሰው የተቃጠለውን መዝገብ ባያስመልስም አዲስ መዝገብ መክፈት ያውቅበታል።

ይህን ልማድ ለማስተማር ታላቅ ላቦራቶሪ አያስፈልግም። በገጠር ትምህርት ቤት የሚያስተምር መምህር ልጆቹን በየቤታቸው ያለችው ላም መቼ እንደ ወለደች፣ መቼ ኮርማ እንደ ፈለገች፣ በክረምትና በበጋ ስንት ጣሳ እንደ ታለበች በአንድ ደብተር እንዲጽፉ ቢያዝዛቸው፣ ሒሳብንና ሳይንስን በአንድነት ያስተምራል። ከሁለት ዓመት በኋላ ደብተሩ ሲገለጥ፣ ልጁ የቤቱ ላም «መሲና» ከመባሏ በፊት በግርግሟ ምን እንደ ነበረ ለአባቱ ለመንገር ይችላል። በሸምባት የተጀመረውም ሥራ ከዚህ የተለየ አልነበረም።